ዘጠኝ ፊርማ

ፌንጣ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሕመም መከታተያ ደብተሯን የመጨረሻ ሳጥን ሞላች። «ሰገራ ላይ ደም፦ የለም።» ውሸቷን ነው። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ነበር፤ ትናንትም ነበር፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

ፌንጣ ያላት አናጢው አባቷ ነው። ትንሽ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ቦታው ከጣውላ ጣውላ እየዘለለች መከራውን ታሳየው ነበር። ያገኘችውን ትበላለች፤ ሲደክማት ፍቅፋቂ ክምር ላይ ለጥ ትላለች። ያኔ ሆድ እንዳላትም ትዝ ብሏት አያውቅም። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ትልቁ አንጀቷ ቆሰለ፤ ከዚያ ወዲህ ከተማውን የምታውቀው በመጸዳጃ ቤቶቹ ሆነ።

ታዲያ በዚህ ሆስፒታል አንድ ገና ሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ስትጀምር፣ ያ ደጉ ጊዜ ስድስት ሳምንት ሙሉ ተመለሰላት። ደሙ ቆመ። ከክፍሏ ልጆች ጋር መረብ ኳስ ተጫወተች። አንድ ቅዳሜም አባቷ ሥራ ቦታ ዋለች። ማታ ከፀጉሯ ላይ ፍቅፋቂ አራገፈላት። ለካ እንዲህ ናፍቋት ኖሯል!

ደሙ ሲመለስ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከሙከራው ቢያስወጧትስ?

«ዛሬ ሲስተር ስታይሽ ጉድ ነው የምትለው» አለ አባቷ።

«አባዬ ደግሞ፣ አታካብድ!»

«ምን አካብዳለሁ? ፊትሽ እኮ እንደ ድሮው ሆኗል። ያቺን ድሮ ሥራ ቦታዬ የምትቀመጪባትን ትንሿን በርጩማሽን ሁሉ አውጥቼ ጠርጌያታለሁ።»

ፌንጣ ደብተሩን ከደነችው። 

አጠገባቸው አንዲት እናት ተቀምጣለች። ልጇ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ አይነሳም። ፌንጣ ያን አስተያየት ታውቀዋለች።

«የኔ ልጅ፣ መድኃኒቱ ረዳሽ?» አለች እናትየዋ። «እኛም ዛሬ ልንመዘገብ ነው።»

«ኧረ ድናለች!» አለ አባቷ ቀድሞ።

እናትየዋ ልጇን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገቻት። «ሰማሽ?» አለቻት በሹክሹክታ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። 

ፌንጣ ደብተሩን መልሳ ገለጠችው። ሲስተር ስትሰጣት፣ «ከተሳሳትሽ እንዳትደልዢው፤ አንድ መስመር አስምሪበት፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈሽ ፈርሚ» ብላታለች። «የለም» የሚለው ላይ አሰመረች። «አለ» ብላ ጻፈች። ፈረመች። የዘጠኙንም ቀን እንዲሁ አርማ ጨረሰች።

የምርመራ ክፍሉ በር ተከፈተና ሲስተር ጠራቻት። ፌንጣ ሁልጊዜ የምትገባው ብቻዋን ነበር፤ ትልቅ ልጅ ነኝ ባይ ናት።

«አባዬ፣ ዛሬ አንተም ግባ።»

«ምነው?»

 ደብተሩን እንደተገለጠ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ቀድማው ገባች።