ስሪላንካ የደረሰው ብርድ ልብስ

ፍቅር ሰውን የማያዞረው አገር የለም። ጦይባን ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ አሸክሞ በሙዝና በዘንባባ መሃል አዞራት። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ጦይባ የወረኢሉ ልጅ ናት። ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖረች ትሠራለች። አንድ ቀን የልጆቹ ቦርሳ ዚፑ ተበላሸና ሾፌሩ መርዋን ፉጣ ሰፈር ወዳለ ቦርሳ ሰፊ ወሰዳት። ሰፊው ዘከሪያ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

«ወሎዬ ነሽ አይደል?» አላት ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ።

«በምን አወቅህ?»

«‹እንካ ወንድሜ› ስትዪኝ ድምፅሽ እስከ ቤቴ ወሰደኝ፣ እህቴ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ቦርሳ የተባለ ሁሉ ይቀደድ ጀመር። ደህናውን ስፌት በመቀስ ፈታ ታደርግና «ይሄም ተቀደደ» እያለች ትመጣለች። እሱ ይሰፋል፣ እሷ ስለ ወረኢሉ ውርጭ፣ ስለ እናቷ ታወራለች። «አገሬ ስገባ ለእናቴ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው የምወስድላት» ትለዋለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ቶሎ ወደ ቦርሳው ያያሉ። እህቴ፣ ወንድሜ ይባባላሉ። ከዚያ ማለፍ አንዱም አልደፈረም።

እንዲህ እንዳሉ የማዳሟ ልጅ ሀይፋ ትምህርቷን ጨረሰችና ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ ሻንጣ በጀርባ ተሸክመው ስሪላንካን ሊዞሩ ተነሱ። እናቷ «ጦይባ አብራሽ ካልሄደች አትሄጂም፤ ኸላስ!» አሉ።

ለጦይባ ነገሩ አልገባትም። እኛ አገር ሸክም ተሸክሞ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቸግሮት ነው። እነዚህ መኪና ደጃቸው ቆሞ፣ ለመሸከም ባሕር ይሻገራሉ! ቢሆንም የተሰጣትን አሮጌ የጀርባ ሻንጣ ይዛ ፉጣ ሄደች። ያን ቀን ማንገቻው የእውነት የተቀደደ ነበር።

«ልሄድ ነው» አለችው።

የስፌት መኪናው ቆመ። «ወዴት?»

«ስሪላንካ። ከልጅቷና ከጓደኞቿ ጋር፣ እንዲሁ ለመዝናናት። ከዚያ እመለሳለሁ።»

ሪያድ ያለ የኛ ሰው፣ ልጆቼ፣ አገሩ ሊገባ ሲል እውነቱን አይናገርም። ዓይን ይፈራል። ስንት ተጨንቄ ያገኘሁት የመውጫ ወረቀት ይበላሽብኛል ብሎ ይሰጋል። «ጅዳ ዘመድ ልጠይቅ ነው» ይላችሁና ሰንበትበት ብሎ ከእናቱ ቤት ይደውላል። ዘከሪያም የጦይባን ስሪላንካ እንደዚያ ቆጠረው። የቤት ሠራተኛ ለመዝናናት ባሕር ስትሻገር ማን ሰምቶ ያውቃል? ለሁልጊዜው አገሯ ልትገባ ነው፤ ምናልባትም ልትዳር ነው፤ ሲል አሰበ።

«አላህ በሰላም ያግባሽ፣ እህቴ» አለ ብቻ።

ሻንጣውን ልትወስድ ስትመጣ፣ አገር ቤት እንደሚገባ ዕቃ ዙሪያውን በገመድ ጠፍሮ፣ ስሟን በትልቁ ጽፎበት ጠበቃት። ከላዩ አበባ ያለበት ነጭ ብርድ ልብስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ታስሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለእናትሽ።»

«እናቴ ጋ አልሄድም አልኩህ እኮ! ስሪላንካ ነው!»

«አውቃለሁ፣ ስሪላንካ ነው» አለ እንደሚያባብል ሰው። «ለማንም አልናገርብሽም።»

«ወላሂ ነው የምልህ!»

«ተይ፣ በዚህ አትማዪ!»

ውጭ መርዋን ጥሩንባውን አምባረቀው። ልትመልስለት አሰበች፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስታይ ግን ሻንጣውን አነሳች። ተሸክማው ወጣች።

ስሪላንካ ሙቀቱ እንደ ድስት እንፋሎት ፊት ይመታል። ሀይፋና ጓደኞቿ ሳቁባት።

«ጦይባ፣ ብርድ ልብሱ ለዝሆኖቹ ነው?»

«ለእናቴ ነው።»

«እናትሽ እዚህ ናት እንዴ?»

«አይደለችም» አለችና መንገዷን ቀጠለች። እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ትተሽው እንሂድ ቢሏትም እምቢ አለች። ዝናብ ሲወርድ እሷ ረጥባ ብርድ ልብሱን አዳነች።

በኋላ በባቡር ወደ ሻይ ተራራው ወጡ። እዚያ ጭጋጉ ወረደና ቅዝቃዜው ልክ እንደ ወረኢሉ ሆነ። ስስ ልብስ ብቻ የያዙት ልጆች ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር። ጦይባ ገመዱን ፈታች። «እናቴም ብትሆን ታለብሳችሁ ነበር» አለችና አራቱም አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገቡ። ቀዩ ጭቃ ጠርዙን ነካው።

«ማን ነው የሰጠሽ?» አለች ሀይፋ።

ጦይባ ታሪኩን ነገረቻት። ስትናገር ነው ለራሷም የበራላት። በኛ ወግ ወንድ ለልጅቷ እናት ልብስ ሲልክ ምን ማለቱ ነው? ላትመለስ ነው ብሎ እንኳ የላከ ሰው!

ስልክ ቁጥሩን አፍራ ጠይቃው አታውቅም። ሪያድ፣ ዑድ ሰፈር ለምትኖረው ጓደኛዋ ለሳዲያ ደወለች።

«ሳዲያ፣ ፉጣ ሂጂና ለዘከሪያ ትመለሳለች በዪልኝ።»

«ውሸታም! ወረኢሉ ሆነሽ ነው የምትደውዪው?»

«ስሪላንካ ነኝ! ፎቶውን እዪው።»

«ይሄማ የኛው የወሎው ሐይቅ ነው። ሙዙስ ቢሆን፣ እኛ አገር ሙዝ የለም? ደግሞ እሱም ሊሄድ ነው፤ አሠሪው አብሃ ከተማ ያለውን ሱቅ ያዝልኝ ሲለው ስንቴ እምቢ ብሎ ነበር። አሁን ‹ሪያድ ምን አለኝ› ብሎ እሺ አለ። ጁምዓ ሰግዶ ይነሳል።»

እነሱ የሚመለሱትም ጁምዓ ነበር። ሪያድ እንዳረፉ ሀይፋ ቤቷን እንኳ አላነሳችም። «መርዋን፣ ያላ፣ ፉጣ!» አለች።

ዘከሪያ የሱቁን በር አውርዶ፣ ጓዙን አንጠልጥሎ ቆሟል። ጦይባን ሻንጣዋን በጀርባዋ እንዳዘለች ሲያያት ደነገጠ።

«ምነው እህቴ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ መለሱሽ እንዴ?»

«ማንም አልመለሰኝም፤ ራሴ ተመለስኩ።» ብርድ ልብሱን ዘረጋችለት።

ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። «ቀይ ጭቃ…» አለ ቀስ ብሎ። «የወረኢሉ ጭቃ ጥቁር ነው።»

«ወላሂ ስልህ አላመንከኝም።»

«በመቀስ የፈታሽውን ሁሉ ‹ተቀደደ› ስትዪኝ መች አምኜሽ አውቃለሁ!»

ጦይባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መንገደኛው ሁሉ እያየ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በዚህ ጊዜ ግን አንዳቸውም ወደ ቦርሳ አላዩም።

«እናቴ ጋ አልደረሰም» አለች በመጨረሻ። «ይከብዳል፤ ብቻዬን አልችለውም። አንተው አድርስላት።»

«ማን ነህ ቢሉኝስ?»

«የፈለግኸውን በል። ‹ወንድሟ ነኝ› እንዳትላት ብቻ።»

ጓዙን መሬት አስቀመጠ። ያወረደውን በር መልሶ ወደ ላይ ገፋው።

«እሺ፣ ጦይባ» አላት።