የሌላ ሴት ፊት

«ይህን ፎቶ ማን አነሳው?» አሉ መምህርቷ ከኋላ ጎንበስ ብለው።

ቀጭኔ የሚሏት ተማሪ ማውሱን ለቀቀች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ነጭ አንሶላ አቅፋ ትስቃለች። ጥፍሯ ተቀብቷል፤ ጥርሷ ያበራል።

«እሷ ናታ ቲቸር!» አለች አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ። አፏ መልስ ስለማያጣ ክፍሉ ሁሉ «እሳት» ይላታል። «ጎበዝ አይደለች?»

መምህርቷ ቀጭኔን ትንሽ አዩዋትና ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር አለፉ። ቀጭኔ የሚለው ስም የወጣላት በቁመቷ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ጠረጴዛ ስር ብትገባ ደስ ባላት።

«አየሽ? አለቀ» ብላ አንሾካሾከች እሳት።

ቀጭኔ እንደ እኚህ መምህርት የምታደንቀው ሰው የለም። በፎቶ ታሪክ ክበብ የመጀመሪያ ቀን ኮምፒውተር ማብራት ከልክለው፣ የታተሙ ፎቶዎች ወለሉ ላይ ዘርግተው፣ ልጆቹን ጫማ አስወልቀው በመሃል አዘዋወሯቸው። «ታሪኩን የማይነግረውን በፊቱ ድፉት» አሏቸው። በኋላ ቪዲዮ ማቀናበሪያው ሲከፈት፣ ልጆቹ ፎቶውን ሁሉ ሲያሽከረክሩትና ኮከብ ሲረጩበት አልተቆጡም። ወንበር ስበው ጎናቸው ተቀመጡና ፎቶውን እያዩ አየር ሳቡ፤ ቀስ ብለው አስወጡ። «አሁን ቀይሩት። ለአንድ ፎቶ አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል። ፊት ከሆነ ግን ታገሡት።» ከዚያ ወዲህ ሁሉም እየተነፈሰ ነው የሚያቀናብረው። በመስኮት ያየ ሰው ክፍሉ ጉንፋን የገባበት ይመስለዋል።

ቀጭኔና እሳት አብረው የሚሠሩት ታሪክ ስለ ቀጭኔ እናት ነበር። እናቷ የምትሠራው ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ቀጭኔ ለአንድ ቀን ብቻ እንድትገባ ተፈቅዶላት፣ በእናቷ ስልክ ጋሪውን፣ የተቆለለውን አንሶላ፣ አንሶላ የሚያጥፉትን የእናቷን ፈጣን እጆች አነሳች። ከሁሉ የምትበልጠው ግን እናቷ ከእንፋሎቱ መሃል ቀና ስትል የተነሳችው ናት።

ሌሎቹን ፎቶዎች እንደታዘዙት ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጧቸው። ያቺን ግን ዘግይታ በፍላሽ ስላመጣቻት፣ ሳይገለብጧት በቀጥታ ከፍላሹ ጎትተው አስገቧት። መምህርቷ «ፕሮግራሙ ፎቶውን አይውጠውም፤ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የሚያስታውሰው» ብለው ነበር። ማን ሰምቶ! እሳት ፍላሹን ቤቷ ወስዳ ዘፈን ልትጭንበት አጸዳችው። ሲመለሱ በእናቷ ፊት ቦታ ቀይ ሰሌዳ ተደቅኖ «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል። ስልኩ ስለሞላ እዚያ ያለውንም ቀጭኔ ራሷ አጥፍታዋለች። ወላጆች የሚመጡት ደግሞ በማግሥቱ ነው።

«አታካብጂ ባክሽ!» ብላ ነበር እሳት ኢንተርኔት ከፍታ። «ይህችን ተኪያት፤ ነፍስ ናት! አዳራሹ ጨለማ ነው፣ ማን ይለያል?»

ቀጭኔም እሺ አለች። ምሳ ሰዓት አብሯት የሚቀመጥ ሌላ ሰው አልነበራትም።

ማታ እናቷ ሸሚዝ እየተኮሰች «ለነገ ፈረቃ ቀይሬያለሁ» አለቻት። «ፊቴ በትልቁ ይወጣል ብዬ ለሥራ ጓደኞቼ ነግሬያቸው ‹አርቲስቷ መጣች› እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።»

«እማዬ…»

«ምነው? አስቀያሚ ሆኜ ወጣሁ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ግዴለም ንገሪኝ፤ ማንም እንዳይለየኝ ተሸፋፍኜ እመጣለሁ» ብላ እናቷ ሳቀች። ቀጭኔ መሳቅ አቃታት።

ጠዋት መምህርቷ የክፍሉን በር ሲከፍቱ ቀጭኔ ቀድማ ደርሳለች።

«ቲቸር፣ ያቺ ሴት እናቴ አይደለችም። ከኢንተርኔት ነው ያመጣኋት። የእናቴን አጠፋሁት።»

መምህርቷ ቁልፉን በሩ ላይ እንደተሰካ ተዉት። «እናትሽ ስታወራ ድምፅዋን ቀድተሽ አልነበረም?»

«ዘፈን ይሻላል ብለን አወጣነው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አለ።»

«እንስማዋ።»

ቀጭኔ ሴትዮዋን ሰረዘች፤ ዘፈኑንም አስወገደች። የእጆቹን ፎቶ ሳበችና በእናቷ ድምፅ ልክ አስረዘመችው። መምህርቷ ማውሱን አንዴም አልነኩም። ጎኗ ተቀምጠው ይተነፍሳሉ እንጂ።

እሳት ቦርሳዋን እንደያዘች መጥታ ስክሪኑን አየች። «ሴትዮዋስ?»

«አወጣኋት።»

«ያለ ፊት? ቀሽም! ለቲቸርም ነገርሻቸዋ!»

«ስለ ራሴ ነው የነገርኳቸው። ነይ፣ ድምፁን አብረን እናስተካክል።»

«ይቅርብኝ» አለች እሳት። ቦርሳዋንም አላወረደችም።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጨለመ። ሁለት እጆች ግድግዳውን ሞሉት፤ ቆዳቸው በውሃ ብዛት ተሸብሽቧል። የእናቷ ድምፅ መጣ። «ይህ አንሶላ የማን እንደሆነ አላውቅም። ብቻ የታመመ ሰው ይተኛበታል። እና ሙቀቱ ሳይለቀው አጥፌ ነው የምልከው።» ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባት ሳሉን በመዳፉ አፈነ።

መብራቱ ሲበራ እናቷ ሰዉን እያቋረጠች መጣች። «አንቺ፣ ፊቴን ምን በላው?»

«በእኔ ጥፋት ነው የጠፋው እማዬ። ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

እናቷ እጆቿን ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። «ይሄን ያህል ያምራሉ እንዴ?»

በሚቀጥለው ሳምንት እሳት ወደ ቴአትር ክበብ ተዛወረች። ቀጭኔ ግን በፎቶው ክበብ ቀረች።