የቲቸር ሲንቄ ጀርባ

ሶረቲ ጨርቁን ከሥዕሉ ላይ ገፈፈችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው ደረቅሽ? ሸረሪት አለበት እንዴ?» አለች ለንሳ ከመሰላሉ ላይ። ሚስማር በጥርሷ ነክሳ ስለነበር ቃሉ ተንሻፎ ወጣ።

ሸረሪት ቢሆን በወደደች። ሥዕሉ ላይ ያለው የገዛ ግቢያቸው ነው። የቆርቆሮው አጥር፣ ቢጫው ጀሪካን፣ የልብስ ማስጫው ሽቦ፣ ሁሉም በየቦታው አለ። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ገና ብቅ ማለቷ ነው። መሐል ላይ አንዲት ሴት ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ለፀሐይዋ፣ ጀርባዋን ለተመልካቹ ሰጥታለች። አረንጓዴ ሹራብ፣ ማጅራት ላይ የታሰረ ሻሽ፣ ከግራው ከፍ ያለ ቀኝ ትከሻ።

«ይህን ማን ፈቀደልሽ?»

«ማን ይፈቅዳል፣ ባለጀርባዋ ናታ።»

«አዮ? አዮ እንዲህ ያለ ነገር እሺ አትልም።»

ለንሳ ሚስማሩን ከአፏ አወጣች። «ስለ እናትሽ ከአንቺ ይልቅ እናትሽ ታውቃለች። ጠየቅኋት፣ ሣልኳት፣ አሳየኋት። ‹ፊቴን ብቻ እንዳታደርጊው እንጂ ጀርባዬን ማን ያውቀዋል› አለችኝ።»

ሶረቲን ሳቅም ንዴትም ያዛት። እናቷ ብዙ ነገር ታውቃለች፤ የራሷን ጀርባ ግን አይታው አታውቅም። ቲቸር ሲንቄ ሶረቲ ከመወለዷ በፊት ጀምራ አንደኛ ክፍል ያስተማረች ሴት ናት። የአምቦ ልጅ ግማሹ የቁቤ ፊደል የቆጠረው እሷ ዘንድ ነው፤ ሲቆጥር ያየው ደግሞ ፊቷን ሳይሆን ጀርባዋን ነው። ፊቷን ስታዞርማ ሁሉም ደብተሩ ላይ ያቀረቅራል። ያ ከፍ ያለ ቀኝ ትከሻም ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ከኖረ እጅ የመጣ ነው። ይህን ሥዕል ያየ ልጅ የማን ጀርባ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ማየት አያስፈልገውም።

ለንሳ እነ ሶረቲ ግቢ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል የተከራየች ሠዓሊ ናት። ሥዕል ያስተማራት የለም። የፀጉር ቤትና የሥጋ ቤት ታፔላ እየጻፈች እጇን አፍታታች፤ የተረፋትን ቀለም በአኳራጅ እያቀጠነች ለራሷ ትሥላለች። ባለፈው ክረምት ሁሉ ነገር አስጠልቷት፣ እህል እንኳ አልዋጥ ብሏት፣ ከክፍሏ ሳትወጣ ከረመች። ዝናቡ ሲያባራ አንድ ጠዋት በሯን ከፍታ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ የምትሥለው ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ብቻ ነው፦ ባጃጃቸውን አቁመው እጃቸውን በብብታቸው የከተቱ ሾፌሮች፣ ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የተያዘ ጨቅላ፣ ወደ እጃጂ ገበያ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ላይ የሰጡ ነጋዴዎች። የኤግዚቢሽኑም ስም «ፀሐይ መሞቅ» ነው። ቦታው የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ፣ መክፈቻው ቅዳሜ። ሶረቲ ደግሞ አስጎብኚ ናት። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ስለምታስኬደው፣ ምላሷም ስለማይያዝ፣ የመረጠቻት ለንሳ ራሷ ናት።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ፀሐይ መሞቅ ወንጀል ሆነ?» አለች ለንሳ።

ችግሩን ሶረቲ ታውቀዋለች፤ ያበጀችው ራሷ ናትና። አምና በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንድ ጠዋት ቲቸር ሲንቄ ጠመኔ ይዛ ወደ ሰሌዳው ዞረች። አልጻፈችም፣ አልዞረችም። ልጆቹ ዳይሬክተሩን ጠርተው እስኪመጡ ድረስ እንዲሁ ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል አልገባችም። ሐኪሙ ድብርት ነው አለ፣ ኪኒን ሰጣት፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ውጪ፣ ጥቂት ጥቂትም ተራመጂ አላት።

ጠያቂ መምጣት ሲጀምር አባቷ ኦቦ ወሰኑ ጉሮሮውን ይጠራርግ ነበር። ሶረቲ ቀደመችው፤ «ጨጓራዋን ነው» አለች። ጨጓራ የተከበረ በሽታ ነው። አምቦ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው ቢፈለግ አይገኝም፤ ማንም ደግሞ ከየት መጣብሽ ብሎ አይጠይቅም፣ መድኃኒቱን ይነግራል እንጂ። ቤቱ ተልባ በተልባ ሆነ። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ጸልየው ሲወጡ ተልባ ያስቀምጣሉ። የሶረቲ ጓደኛ ዶርቃስ ከእናቷ ከአዴ ፋንቱ የተላከ ተልባ በየሳምንቱ በፌስታል አንጠልጥላ ትመጣለች። ሶረቲም «በርበሬ አቁመናል»፣ «ሌሊቱን ሲያቃጥላት አደረ» እያለች ውሸቷን ትቀልባለች።

«ካላመንሽኝ ሂጂና ጠይቂያት» አለች ለንሳ። «እሷ አይሆንም ካለች አወርደዋለሁ። አንቺ አይሆንም ስላልሽ ግን አላወርድም።»

ሶረቲ ሄደች፤ ቤት ግን አልደረሰችም። ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆማ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎችን ስታይ ቆየችና ተመለሰች።

«አይሆንም አለች» አለች። «አስባበት ሐሳቧን ለወጠች።»

ለንሳ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሥዕሉን በጨርቁ ጠቀለለችና ከመድረኩ ጀርባ አስገባችው። «የሰው ፊትም ሆነ የሰው ጀርባ በግድ አይሰቀልም» ብላ ወደ መዶሻዋ ተመለሰች።

ዓርብ እራት ላይ እናቷ ጉርሻዋን እንደያዘች ወደ አባቷ ዞረች። «ወሰኑ፣ መብራት ሳይጠፋ ያን ሰማያዊ ቀሚሴን ተኩስልኝ።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ለንሳ ያዘጋጀችው ላይ ነዋ። እኔም አለሁበት አይደል? ግድግዳ ላይ ምን እንደምመስል ልየው።»

ኦቦ ወሰኑ አንድ ነገር ከተናገረ ነገሩ የሚፈርስ ይመስል ዝም ብሎ ተነሳ፤ እራቱን ትቶ ካውያውን ሰካ። ሲንቄ ከሆስፒታል በቀር የትም ከሄደች ወራት አልፈዋል። ሶረቲ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰች።

«አዮ፣ ሰው እኮ ይበዛል።»

«ይብዛ። ከኋላ ቆሜ አይቼ እመለሳለሁ። ማን ያውቀኛል?»

ቅዳሜ ጠዋት ሶረቲ አዳራሹ ስትደርስ ለንሳ ወለሉን እየጠረገች ነበር።

«የአዮ ሥዕል ይሰቀል» አለች ሶረቲ ገና ከበሩ። «ቀድሞም አይሆንም አላለችም። አልጠየቅኋትም። ዛሬ ልታየው ትመጣለች።»

ለንሳ መጥረጊያውን ተደገፈች። «ውሸታም ብዬ ልስደብሽ ወይስ መዶሻ ላቀብልሽ? ለሁለቱም የሚበቃ ጊዜ የለኝም።»

«መዶሻ።»

«ስድቡ ይቆይሽ። ግን ቦታ የለም። ለሱ ያሰብኩት ጥጉ ላይ ነበር፣ ጨለም ያለው ጋ። እሱን ጭልሞ ጫካ ዳር ፀሐይ ለሚሞቁት እረኞች ሰጥቼዋለሁ። አሁን የቀረው በሩ ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ብቻ ነው። የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሆናል።»

ሶረቲ ምሰሶውን አየችው። በውሸቷ እናቷን ከጥግ አውጥታ በር ላይ እንዳቆመቻት ገባት። አንድ ሚስማር አጣመመች፣ ሌላ አነሳች፣ መታች። ለንሳ ሥዕሉ መቃናቱን አይታ ወደ ጠረጋዋ ሄደች።

ሰው እንዳሰቡት ሳይሆን ከዚያ በላይ መጣ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች፣ መግቢያው ነጻ መሆኑን የሰማ ተማሪ ሁሉ። ሶረቲ ባጃጆቹን አስረዳች፣ ጨቅላውን አስረዳች። ምሰሶው ጋ ስትደርስ እየተጣደፈች አለፈችው። ዶርቃስ ከእናቷ ጋር እስክትገባ ድረስ ተሳካላት።

«ማሚ፣ እዪ፣ ቲቸር ሲንቄ ናት እኮ» አለች ዶርቃስ ከመግባቷ። «ትከሻዋን እዪው።»

አዴ ፋንቱ ሥዕሉንም ሶረቲንም ተራ በተራ አዩ። «አካም ጂርታ ልጄ? እናትሽ እንዴት ናት? ያ ተልባ ረዳት?»

በጣም ረድቷታል የሚለው መልስ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ነበር። ሶረቲ ዋጠችው።

«ጨጓራ አይደለም አዴ ፋንቱ። ድብርት ነው። ሐኪም ቤት ትከታተላለች፣ መድኃኒት ትወስዳለች። ጨጓራ ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ።»

አዴ ፋንቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዶርቃስ ግን ጓደኛዋን ነበር የምታየው።

«እና ያ ሁሉ ተልባስ?»

«ዶሮዎቹ በሉት። ዶሮዎቻችን ጨጓራቸው ደህና ነው።»

ዶርቃስ አልሳቀችም። «ሌላውን ሰው ቢሆን እሺ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔንም?»

«አንቺንም።»

ዶርቃስ የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ሄደች። ሶረቲ ልትከተላት ፈለገች፤ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«እና ቲቸር ነካ አርጓታል ማለት ነው?» ኢብሳ ነው፣ የክፍሏ ልጅ። ጣቱን ጆሮ ግንዱ አጠገብ ያሽከረክራል። አብረውት ያሉት ልጆች ሙድ ለመያዝ ተዘጋጅተው ነበርና ሳቁ።

«አንተን ያስተማረ ሰው ቢነካው ይፈረድበታል?» አለች ሶረቲ።

ሳቁ ዞሮ ኢብሳ ላይ ወረደ። ኢብሳም «እሺ፣ ላሽ በይው» ብሎ ገለል አለ። ሶረቲ ግን ያሸነፈች አልመሰላትም። ያ የሚሽከረከር ጣት እናቷ ፊት ቢሆን ኖሮ ብላ አሰበች፤ እናቷ ደግሞ በመንገድ ላይ ትሆናለች።

እናቷ ግን መንገድ ላይ አልነበረችም። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ አልመጣችም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አባቷ ደወለ። «ለብሳለች» አለ። «ግን ተቀምጣ ቀረች። እስኪ ነይ።»

ሲንቄ አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች። ሰማያዊው ቀሚስ መስመሩን እንደያዘ ነው። ቀኝ እግሯ ጫማ አድርጓል፤ የግራው ጫማ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«አንዱን አደረግሁት» አለች። «ሌላው ከበደኝ።»

ሶረቲ ወለሉ ላይ እግሯ ሥር ተቀመጠች። ኦቦ ወሰኑ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ሰው መጣ?» አለች እናቷ።

«ሞልቷል።»

«አዩኝ?»

«አዩሽ። አወቁሽም።»

«በጀርባዬ?»

«ጀርባሽን እያየ ማንበብ የለመደ ልጅ እንዴት አያውቅሽም አዮ?»

ሲንቄ እጇን ወደ ቀኝ ትከሻዋ ሰደደችና ጥቂት ዳበሰችው። «ምን አሉ ታዲያ?»

ሁሉም አደነቁሽ ማለት ይቻል ነበር። እንዲያውም ግማሹ እውነት ነው፤ ሥዕሉ ፊት ቆመው ዝም ብለው የቆዩ ብዙ ነበሩ። ሶረቲ የእናቷን አንድ ጫማ አየች፣ ሌላኛውን አየች። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረች። በእሷ ስም ለለንሳ የዋሸችውን፣ ጨጓራውን፣ የዶርቃስን ፊት፣ ሥዕሉ በር ላይ እንዴት እንደደረሰ። ኢብሳ ጋ ስትደርስ አባቷ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ተይ ማለቱ ነው። አልተወችም። ጣቱን ሳይቀር፣ እንዳደረገው አድርጋ አሳየቻት።

ውጭ ዶሮዎቹ ቆርቆሮውን ይጭራሉ።

«ኢብሳ የማን ልጅ ነው?» አለች ሲንቄ በመጨረሻ።

«ጋራዥ ያለው የጉዩ ልጅ።»

«አወቅሁት። መስከረምን ሙሉ እናቴን ጥሪልኝ እያለ ቀሚሴን ይዞ ያለቀሰ ነው።» ከዚያ ሶረቲን ቀጥ ብላ አየቻት፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ ዝቅም አላለም። «ሁለተኛ በእኔ ስም እንዳትናገሪ።»

«እሺ።»

«ዶርቃስንም ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። እኔን ምክንያት አድርገሽ አይደለም፤ ራስሽ ሄደሽ።»

«እሺ አዮ።»

«ሲንቄ፣ ግድ የለም፣ ካቃተሽ ነገም ክፍት ነው» አለ ኦቦ ወሰኑ።

«ያን ጫማ አቀብዪኝ» አለች ሲንቄ ለልጇ።

ሶረቲ ጫማውን አቀበለቻት። እናቷ ጎንበስ ብላ ከማሰሪያው ጋር ስትታገል ሶረቲ ስልኳን አወጣችና ለለንሳ መጻፍ ጀመረች። «እየመጣን ነው፣ ኢብሳና ጓደኞቹ ካሉ እንደምንም አስወጪልኝ።»

«ያ ልጅ አሁንም እዚያ ይኖራል?» አለች እናቷ ከጎነበሰችበት።

«ሳይኖር አይቀርም።»

«ካለማ ተነስቶ ሰላም ይለኛል።»

ሶረቲ ጣቷን መላኪያው ላይ እንዳደረገች ቆየች። ከዚያ የጻፈችውን አንድ በአንድ አጠፋችው፣ መጻፊያው እስኪነጣ ድረስ። ስልኩን ኪሷ ከታ ተነሳች፤ ክንድሽን ልያዝ ሳትል በሩ ጋ ቆማ እናቷ እስክትነሳ ጠበቀች።