የሐሞቱ ጥቅል

በ1962 ዓ.ም. ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ከአባቴ ሥጋ ቤት ደጃፍ ቅመም እሸጥ ነበር። እንደሻውን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። ማለዳ፣ የሆስፒታል ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ አባቴ በወረቀት የጠቀለለለትን ይዞ ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አንገቱ ላይ ማዕተብ አለ! ክርስቲያን ከእኛ ከሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት ምን ይሠራል?

በአገራችን ይህ ቀልድ አይደለም። እነሱ የእኛን አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም። የበላ ሰው ሃይማኖቱን ለወጠ ነው የሚባለው። እሱ ግን በማግስቱም መጣ፣ ከዚያም በየቀኑ። ሲያልፍ «እንደምን አደርሽ፣ ዐዚዛ» ይለኛል። ስሜን ከማን እንደሰማ እንጃ።

ልብ የፈለገውን ነው የሚያምነው። ለእኔ ብሎ ነው የሚበላው አልኩ። አባትን ስለ ወንድ መጠየቅ ነውር ስለሆነ በጥቅሉ ውስጥ ያለውን ሳላውቅ አራት ወር ሙሉ ማለዳ ማለዳውን ስናፍቅ ኖርኩ። መጻሕፍት ጠራዡ ባሕሩዲን ሽማግሌ ሲልክብኝ «ትንሽ ታገሡኝ» እያልኩ አክስቴን አስቸገርኳት።

አንድ ቀን አባቴ ከብት ሊገዛ ሶፊ ገበያ ሄደና ጥቅሉን እኔ ሰጠሁት። ወረቀቱ ርሶ ኖሮ እጄ ላይ አረንጓዴ ነገር ፈሰሰ። ሐሞት! ከሐሞቱ ጋር ደግሞ የፍየል አንጀት።

«ይኼ ምን ይሠራልሃል?» አልኩት።

ሳቀ። ላቦራቶሪ እንደሚሠራ ነገረኝ። ትኩሱን አንጀት አጥበው የእንቁላል ነጭ ይሞሉበታል፤ ጫፍና ጫፉን አስረው ለብ ያለ የጨው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል። አንጀት ትልልቁን ነገር ስለማያሳልፍ፣ የውጪውን ውኃ ቀድተው ቢያፈሉትም እንደጠራ ይቀራል። ሐሞት ሲጨመርበት ግን ግድግዳው ይላላል። የእንቁላሉ ነጭ ሾልኮ ይወጣና ውኃው ሲፈላ ይደፈርሳል።

እኔ ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር። «ሥጋውንስ?»

«ሥጋ መች ወስጄ አውቃለሁ? እናቴ ብትሰማ በቁሟ ትሞታለች።» ከዚያ ፊቴን አየ። «ዐዚዛ... የበላሁ መስሎሽ ነበር?»

እንባዬ መጣ።

«ሐሞትማ ከሆስፒታሉ አጠገብ ካለው ሉካንዳም አይጠፋም» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ የምመጣው ለአንቺ ነው።»

«እንግዲያው ብላ» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ደፍሬ አላውቅም።

አንገቱን ደፋ። «እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም።»

አልተቀየምኩትም። እኔስ ብሆን አባቴን ጥዬ የእነሱን እበላ ነበር? ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ሐሞቱ ሲታጠብ ግድግዳው እንደ ድሮው ይሆናል?»

«ብዙ ካልጎዳው፣ ቆይቶ ይዘጋል።»

«ያለፈውስ?»

«ያለፈው እዚያው ይቀራል... አይመለስም።»

ከዚያ ወዲያ አልመጣም። በወሩ ለባሕሩዲን እሺ አልኩ። ደግ ባል ነው፤ ወላሂ አልዋሽም፣ ወድጄዋለሁ። ግን ዛሬም ቤታችን ፍየል ሲታረድ ሐሞቱን ለይቼ በወረቀት እጠቀልላለሁ፤ እስከ ቀትር ደጃፍ አቆየውና እጥለዋለሁ። ባሕሩዲን ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም።