የባዬ ሳይረን

ኢንስፔክተር ወንጌላዊት ሐይቅ ዳር ወዳለው ሆቴል ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቶ ነበር። በጄኔሬተሩ ክፍል ወለል ላይ የቀረው የመካኒኩ የባዬ አንድ እግር ሸበጥ ብቻ ነው። ትናንት በሠርጉ መሀል መብራት ጠፋ፤ ባዬ ጄኔሬተሩን አስነሳ። መብራት ተመልሶ ሞተሩ አልጠፋ ሲል በሩን ሰብረው ገቡ፤ ሞቶ አገኙት። ሐኪሙ የገደለው ጭሱ ነው ብሏል።

ማን ገደለው ለሚለው ሁሉም መልስ ነበረው፤ ራሱ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ መስኮቷ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅጥቃለች። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ደግሞ ደህና ነው። ፖሊሶች ጠዋት ከሰል የያዘ ማንደጃ ክፍሉ ውስጥ ወዳለው የጭስ መለኪያ ሲያስጠጉ ሰፈሩን አናውጦታል።

የሟቹ ሚስት ብርሃነሽ አጥሩ ሥር ቆማለች።

«ራሱን ካጠፋ ፍትሐት የለም ብለውኛል ቄሱ። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው። ሦስት ቆሮሶ ገዝቶ ‹ለማታ ጥበሺልኝ› ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ዓሣ ጥበሺ ያለ ሰው ራሱን ያጠፋል?»

«ሊያጠፋ ይችላል፣ እትዬ ብርሃነሽ። እስካሁን አላውቅም።»

ያላረጋገጠችውን ነገር ለማጽናኛ እንኳ መናገር አይሆንላትም።

ክፍሉ ገብታ፣ መቀርቀሪያው የተሰበረውን በር ገጥማ ሞተሩን አስነሳች። የብረቱ በር ከመቃኑ ጋር እየተጋጨ ጆሮ በጠሰ። እንደተቀረቀረ ያህል በትከሻዋ ገፍታ ያዘችው፤ በሩ ጸጥ አለ። ሞተሩን አጥፍታ ወጣችና የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ፅጌን አስጠራች።

«መስኮቱን ማን ጠቀጠቀው?»

«ራሱ ነዋ!»

«ማን አዝዞት?»

ፅጌ ነጠላዋን አስተካከለች። «መዘምራኑ እየዘመሩ፣ እሱ ጄኔሬተር እንደ ገልባጭ መኪና ያጓራል። የሙሽራዋ አባት ተቆጡ። ‹እባክህ ባዬ፣ ድምፁን አፍንልኝ› አልኩት። ‹ሳይረኑ አለ፣ አታስቢ› አለኝ። ራሱ ነው ያለኝ፣ ኢንስፔክተር!»

ሳይረኑን የሚያዘው ኮምፒውተር ሪሴፕሽን ላይ ነው። ሃሴት የምትባለው ሠራተኛ ማውዙን እየደበደበች አገኘቻት።

«ትናንት ሳይረን ሰምተሻል?»

«ኧረ እኔ አልሰማሁም! ሠርግ ነበር እኮ።»

«የዛሬው ግን በዘፈንም ላይ የሚሰማ ነው።»

«እኔ እንጃ። ይሄ ኮምፒውተር ዛሬ አብዷል። የሙሽሮቹን ፎቶ የምናዘጋጅበት ፕሮግራም ትናንት እንደ ውሃ ሲሄድ ነበር፤ ዛሬ ጭራሽ አልከፈት አለ። ሙሽራዋ ልትገድለኝ ነው!» ያለችው ሲገባት አፏን ያዘች። «ይቅርታ።»

የኮምፒውተር ባለሙያው ሰለሞን ዓይኑ ቀልቶ መጣ። አንገቱ ላይ ፍላሽ ተንጠልጥሏል።

«የሳይረኑን ፕሮግራም አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ከጋሽ ባዬ ጋር። የክርስትና አባቴ ነው።» «ፕሮግራሙ የተጻፈው ሊኑክስ ለሚባል ሥርዓት ነው፣ ማሽኑ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ። መሀላቸው አስተርጓሚ ሶፍትዌር አለ። ጭስ ሲበዛ ፕሮግራሙ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይወልዳል፤ የሚጮኸው እሱ ነው።»

ወንጌላዊት የፕሮግራሙን ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እስከ ታች አነበበችና ጣቷን አኖረች። «ይሄ መስመርስ?»

«ስህተት ከመጣ መልእክቱን የትም ጣለው ነው የሚለው።»

«ደህና ፕሮግራም ከሆነ አፉን ምን አዘጋው?»

«እንዲያው... ለንጽሕና።»

ምሳ ሳይደርስ ሁሉንም ሪሴፕሽን ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ ማንደጃውን ይዞ ጄኔሬተር ክፍሉ በር ላይ ይጠብቃል።

«በሩ የተቀረቀረው ሞተሩ ሲነሳ ስለሚንኳኳ ነው። መስኮቱ የተደፈነው ስለታዘዘ ነው» አለች። ፅጌ አንገቷን ደፋች። «የቀረን ሳይረኑ ነው። ዛሬ ስለጮኸ ትናንትም ጮኋል፣ ባዬም እየሰማ ተቀምጧል አልን። እኔም ልቀበለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን ትናንት የተከፈተው የፎቶ ፕሮግራም ዛሬ አልከፈት አለ። ትናንት ማንም ያልሰማው ሳይረን ዛሬ ጮኸ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተገለበጡ። በመሀል አንድ ሰው አንድ ነገር ከዚህ ማሽን አንስቷል። ሰለሞን፣ ፍላሹን ስጠኝ።»

ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት። በፍላሹ ላይ ያለውን፣ ከማሽኑ የጠፋውን ፎልደር ወደ ቦታው ገለበጠችው። ሃሴት ፕሮግራሙን ነካችው፤ የሙሽራዋ ፈገግታ ስክሪኑን ሞላው።

«ማንደጃውን አስገባ!» ብላ በሪሴፕሽኑ መስኮት ወደ ፖሊሱ ተጣራች።

ስክሪኑ ጥግ ላይ የጭሱ መጠን ቁጥር ወጣ፣ ቀላ። ሳይረኑ ግን ትንፍሽ አላለም። ወንጌላዊት ያችን የመጨረሻ መስመር አጥፍታ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳችው። ጥቁሩ መስኮት በአንድ መልእክት ተሞላ፦ ልጅ ፕሮግራሙ ሳይነሳ ሞተ፤ እንደገና በመሞከር ላይ።

«ኢንተርኔቱ ስለሚያስቸግር ሁላችንም ከጓደኛ በፍላሽ ገልብጠን ነው የምንጭነው» አለች። «የፎቶው ፕሮግራም በዚህ ፎልደር የራሱን አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ከቀድሞው ጋር ተጋጩ፤ ሳይረኑን የሚያስጮኸው ገና ሲወለድ መሞት ጀመረ። አንተ መልእክቱን አይተህ ነበር።»

«እንግዳ ፊት እየወጣ አስቸገረ» አለ ሰለሞን። «‹ይሄን ጥቁር ነገር አጥፋልኝ› ተባልኩ። ከሠርጉ በኋላ ላስተካክለው ነበር። የዘጋሁት መልእክቱን ብቻ ነው።»

«ለባዬ ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ሲሞት ግን ጥፋትህ እንዳይታወቅ ፎልደሩን አጠፋህ። ያለ ፍትሐት እንደሚቀበር እያወቅክ።»

ብርሃነሽ ወደ ሰለሞን ተራመደች። ትመታዋለች ብለው ፅጌና ሃሴት ተጠጉ። እሷ ግን ዞራ ኢንስፔክተሯን አየቻት።

«ቢጮህ ይወጣ ነበር?»

«ይወጣ ነበር» አለች ወንጌላዊት። በዚያን ቀን ሳትጠራጠር የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር። ስልኳን አውጥታ ወደ ቄሱ ደወለች።

«ከቀብር በኋላ ውሰዱኝ» አለ ሰለሞን፣ ቀና ሳይል።

ወንጌላዊት ብርሃነሽን አየች።

«መጀመሪያ ባዬን ይሸከመው» አለች ብርሃነሽ። «ከዚያ ውሰዱት።»

ሃሴት እንባዋን እየጠረገች የፎቶውን ፕሮግራም ዘጋች፤ ፎልደሩንም አጠፋችው። ማንደጃውን ከክፍሉ ያስወጣው አልነበረም። የሳይረኑ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ደግሞ ሞከረ፤ የባዬ ሳይረንም ሐይቁ ዳር እስኪሰማ ጮኸ።

ሊያጠፋው የተነሳ ሰው አልነበረም።