የባቡር ጭንቅላት

«ፊትሽን አኮሳትሪ» አለ ኤልያቄም፣ በሩን ከማንኳኳታቸው በፊት። «ዕቃውን እንደወደድሽው ካወቁ አለቀልሽ። አጣጥይው። ቆሻሻ አድርጊው።»

ቢፍቱ ለማጣጣል ምክር አላስፈለጋትም። ከትናንት ጀምሮ በሻጯ ስትስቅ ነው የዋለችው። ቴሌግራም ላይ የወጣው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «የባቡር ጭንቅላት። ሰውነት የለውም። ያገለገለ። ይሠራል።» የባቡር ጭንቅላት! ሎኮሞቲቭ የሚለውን ቃል እንኳ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይሸጣል? ፎቶው ደግሞ አበባ ባለበት የጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ ከስኳር ማስቀመጫ አጠገብ የተነሳ ነው። የሻጯ አውራ ጣት ግማሹን ጋርዶታል።

የቀረው ግማሽ ግን በቂ ነበር። አረንጓዴ፣ የጀርመን ሥራ፣ እሷ አልጋዋ ሥር ካስቀመጠችው የአሻንጉሊት ሐዲድ ጋር ልክክ የሚል። ለቡ ካለው ቤታቸው የእውነተኛው ባቡር ጡሩምባ ይሰማል፤ የሚያልፈው አያቷ ሮበሌ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ ነው። አያቷ ጡሩምባውን በሰሙ ቁጥር ይራገማሉ፤ ቢፍቱ ግን ገና በሕፃንነቷ በባቡር ተለክፋለች። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሐዲድ አላት፣ አራት ፉርጎ አላት፤ የሚጎትታቸው ግን የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በጣቷ ስትገፋቸው የጓደኛዋ የኤልያቄም መሳቂያ ሆናለች።

ዘዴውን ያመጣው እሱ ነው። እሁድ እሁድ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በመዘምራን መሃል የሚዘምረው ኤልያቄም፣ ከቸርቻቸው ማይክራፎን የወጣ ያለቀ ባትሪ ሰጥቷታል። ያለቀው በቀኝ ኪሷ፣ አዲሱ በግራ ኪሷ ነው።

«በቀኙ ትሞክሪዋለሽ፤ አይሠራም። ታዝኛለሽ። ዋጋው ይወርዳል። ሲምፕል።»

በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ፅጌረዳ ራሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ጥቁር የለበሱ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት። ሁለቱን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«ገዢዎቹ እናንተ ናችሁ?»

«አዎ፣ እትዬ» አለች ቢፍቱ።

«ትልቅ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ለነገሩ ትልቅ ሰው በዚህ ምን ያደርጋል?» እያሉ ወደ ሳሎን አስገቧቸው። «ባለቤቴ ብቻ ነበር የሚይዘው። ሒሳብ ያስተማረ፣ ስንቱን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው፣ ሁለት መነጽር ደርቦ ከአሻንጉሊት ጋር ሲታገል ይውላል። የማይሠራውን ነው ከጀርመን ያመጡለት። ሦስት ወር ሙሉ ሲፈታ፣ ሲገጥም!»

ሎኮሞቲቩ የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ በወንድ ካልሲ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቢፍቱ አነሳችው። ገለበጠችው። ከሆዱ በኩል አንዲት ጥርሳም ጎማ ታየቻት፤ የፋብሪካ አይደለችም፤ ከነሐስ በእጅ ተሞርዳ የተሠራች ናት። ጥርሶቿ ጥቃቅን ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ቢፍቱ አይታ አታውቅም።

«ማነው የነካካው?» አለች፣ አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ። «አበላሽቶታል እኮ! ይቺ የራሱ አይደለችም።»

«ኧረ ሼም ነው» አለ ኤልያቄም።

ከቀኝ ኪሷ ባትሪውን አወጣች። ከባትሪው ጋር ያያዘቻቸውን ሁለት ሽቦዎች ጎማዎቹ ላይ አስነካች። ምንም።

«ሞተሩ ተቃጥሏል» አለች። «ከተቃጠለም ቆይቷል።»

«ይሠራል» አሉ ወይዘሮ ፅጌረዳ። «ሄደ ብሎኛል።»

«ማን?»

«ወጋየሁ ነዋ። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው። ‹ፅጌ፣ ነይ እዪ፣ ሄደ!› ብሎ ከዚያኛው ክፍል ተጣራ። ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። ‹የልጅ ነገርህን ተወኝ› አልኩት።» ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ። «ለካ ሲዋሸኝ ነው። ያን ሁሉ ቀን ጎብጦ፣ ለካ ምንም አልሠራም።»

ካልሲውን አራት ላይ አጠፉት። መልሰው ዘረጉት።

«የፈለጋችሁትን ስጡኝና ውሰዱልኝ። ቆራሌውም የሚፈልገው አይመስለኝም።»

ትንሽ ብር ከፍለው ሎኮሞቲቩን ይዘው ወጡ።

አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ኤልያቄም አላስቆም አላስቀምጥ አላት። «የግራውን አምጪው፣ እንየው!»

ሽቦውን አስነካች። ጎማዎቹ ወዲያው ዞሩ። አይንገጫገጭም፣ አይንቋቋም፤ የነሐሷ ጎማ መኖሯ እንኳ አይታወቅም።

«ሴትዮዋ ተበላች!» ኤልያቄም እየሳቀ ጉልበቱን ያዘ። «አቤት፣ ፊቷን አይተሽዋል? ‹ሄደ ብሎኛል!›» አለ፣ ድምፃቸውን እያስመሰለ።

በደንብ ነው ያስመሰለው። ቢፍቱ ጥርሱን አየችው። እሷም ቅድም ከዚህ ጥርስ ጋር አብራ ስቃ ነበር።

«ለቡ መብራት ኃይል! ሁለት ሰው!» አለ ረዳቱ።

«ግቢ እንጂ!»

«ሂድ አንተ።»

«ምን ሆንሽ? ፋራ እንዳትሆኚ፣ ቢፍቱ! ቢፍቱ!»

ቁልቁል ስትመለስ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጀች፦ «ባትሪው ደክሞ ኖሮ ነው፣ እትዬ፤ ሌላ ስሞክር ሠራ።» ቀላል ነው። ውሸትም አይባልም። ማንም ማንንም አይጠይቅም።

በሩ ተከፈተ። «ምን ረሳሽ?»

ቢፍቱ ገብታ ሎኮሞቲቩን አበባ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ ላይ አስቀመጠች። ከግራ ኪሷ አንዱን ባትሪ አወጣች። እጇ ቀኝ ኪሷ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሁለተኛውንም አወጣችና ጎን ለጎን ደረደረቻቸው።

«ይሄኛው ያለቀ ነው» አለች። «ማለቁን አውቄ ነው ያመጣሁት። ዋጋ እንዲቀንሱልኝ።»

ወይዘሮ ፅጌረዳ ቀና ብለው አዩዋት። ቢፍቱ ያንን የንቀት አስተያየት ታውቀዋለች፤ ማስታወቂያውን ስታነብ የራሷ ዓይን ላይ ነበር። ከወዲያ በኩል ሲያዩት ይህን ያህል እንደሚከብድ ግን አታውቅም ነበር።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በይ።»

በደህናው ባትሪ አስነካችው። ጎማዎቹ ዞሩ፤ ብርጭቆ ውስጥ እንደገባች ንብ ያለ ቀጭን ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሴትየዋ አልተነቃነቁም። ሽቦውን ስታነሳ ድምፁ ቆመ።

ቢፍቱ ሎኮሞቲቩን በካልሲው ጠቅልላ ወደ እሳቸው አስጠጋችው። ወደ በሩ ዞረች።

«የት ነው የምትሄጂው?» አሉ ወይዘሮ ፅጌረዳ፣ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሱ። ካልሲውን በቀስታ ፈቱት።

«ድገሚው።»