ከጎን የሚከፈተው በር

ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ተመራማሪ በቤተ ሙከራው ቀዝቃዛ ክፍል ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ባልዲ ውኃ ውስጥ የተዘረገፈው ደረቅ በረዶ ወደ ጋዝ ተለውጦ የክፍሉን አየር ጨርሶታል። በረዶውን በየጠዋቱ የሚያመጣው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነው። ካቴናም የገባለት በዚሁ ምክንያት ነው።

መርማሪዋ ግን ነገር ቶሎ ሲያልቅላት ትጠራጠራለች።

«ወንድምጋሼን እኔ?» አለ ታናሽየው። «ያሳደገኝ እኮ እሱ ነው። አንድ ሰዓት ላይ የበረዶውን ሳጥን ኮሪደሩ ላይ ትቼ ሄድኩ። ወደ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፤ ይህን እዚህ የማያውቅ የለም።»

የማይክሮስኮፕ ባለሙያዋ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ጋሼ ሲያጠኑት የኖሩት ኢንዛይም ምስል ዛሬ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣ። አንድ ቅጂ አትሜ ለጋሼ በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ ኮምፒውተሩን ቆልፌ ቤቴ ገባሁ። ከሁለታችን በቀር ያየው የለም።»

ያ ወረቀት ከሟቹ ኪስ ተገኝቶ መርማሪዋ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል።

የጋሼ ምክትል በበኩሉ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሲጮህ እንደደረሰ ተናገረ። ምስሉንም አላየሁም አለ።

«የእኔ ትምህርት ሌላ ነው» አለችው መርማሪዋ። «ይሄ ኢንዛይም እንዴት ነው የሚሠራው? እስቲ እንደ ልጅ ቆጥረው ያስረዱኝ።»

ምክትሉ ማስተማር ስለሚወድ ፊቱ ፈታ አለ። «በሴሉ ሽፋን ውስጥ ተሰክቶ ነው የሚኖረው። ሽፋኑ ቅባት ነው፤ ሥራውም ያንን ቅባት መቁረጥ ነው። ለመቁረጥ ደግሞ ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃና ቅባት አይስማሙም። ስለዚህ ቅባቱ ከጎን ባለው ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከዚያ ውኃው ከላይ ይወርዳል። ሁለቱ በሮች አብረው አይከፈቱም።»

«አመሰግናለሁ» አለችና ከመደርደሪያው እሱ የጻፈውን መጽሐፍ መዘዘች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እዚህ የጻፉት» አለች ወደ ምክትሉ ዞራ፣ «ቅባቱ የሚገባው ከላይ ነው ብለው ነው። ከጋሼ ጋር አሥር ዓመት የተከራከሩትም በዚሁ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ከጎን ይገባል አሉኝ፤ ስንጥቁ እንደሚዘጋም ጨመሩልኝ። ስንጥቁ የታየው አላየሁትም ባሉት ምስል ላይ ብቻ ነው። ምስሉን ሊያሳይዎት የሚችለው ደግሞ ጋሼ ነው፤ ያውም በሕይወት እያለ።»

«ገምቼ ነው።»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእርስዎ ግን አንድ ቀንም አላደረ።»

ምክትሉ መጽሐፉን ተቀብሎ ዘጋው። «እየሳቀ ነው ያሳየኝ» አለ በመጨረሻ። «መሳቂያ ሊያደርገኝ መሰለኝ። የደከምኩበት ዕድሜ ሁሉ በአንድ ወረቀት ሲጠፋ ታየኝ። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሲገባ የበረዶውን ሳጥን ገፍቼ አስገባሁ፤ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ወጥቼ በሩን ቀረቀርኩት።»

መርማሪዋ አዘነች፤ የቀረውን መናገሩንም ጠላችው። ቢሆንም ወረቀቱን ገልብጣ ፊቱ አስቀመጠችለት። ጋሼ በእርሳስ የአዲሱን ጽሑፍ ርዕስና የጸሐፊዎቹን ስም አስፍሯል። መጀመሪያ ያለው የምክትሉ ስም ነው። ከሥሩ፣ «እሱ ባይሞግተኝ አላገኘውም ነበር» ይላል።

ካቴናው የተፈታለት ታናሽ ወንድም አንገቱን አስግጎ አነበበው።

«ወንድምጋሼ እንዲህ ነበር» አለ፣ የእጁን አንጓ እያሻሸ።